መንገዱን በቃሏ የሸመደደችው መኪና

ልጆቼ፣ ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ አንዳንድ ነገር ይምታታብኛል። መኪናዋ ቀይ ትሁን ብርቱካንማ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ የሆነው በካምፑ ሁለተኛ ሳምንት ይሁን በሦስተኛው፣ እሱንም አላስታውስም። ስለ ኮምፒውተር የማውቀውም ልጆች ያስረዱኝን ብቻ ነው። ከተሳሳትኩ የምታውቁ አርሙኝ። ዋናውን ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። በእሱ አልሳሳትም።

ልጅቷን ቀልጣፊት እንላት ነበር። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነው። ቤታቸው ከእኔ ቤት ቀጥሎ ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ከፊት ያለው ክፍል ሱቁ፣ ከኋላ ያለው መኖሪያቸው ነው። ወለሉ ላይ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጠፋም። እዚያ ቤት በባዶ እግር መግባት አያስፈልግም፤ መርፌ ይወጋል። እኔን ወግቶኛል።

ቀልጣፊት የጫማዋን ማሰሪያ ሳታስር ትሮጣለች። ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። እኔ በማስተምርበት የሰንበት ክፍል ደግሞ ጸሎቱ ሳይጋመስ «አሜን!» ትላለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ችኩል ስለሆነች ነው።

በረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልጆች የኮምፒውተር ካምፕ ተከፈተ። ቀልጣፊትም ተመዘገበች። ልጆቹ ኮድ መጻፍ ይማሩ ነበር። ኮድ ማለት ለማሽን የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ማሽን የሚያደርገው የታዘዘውን እንጂ እኛ በልባችን ያሰብነውን አይደለም። ስለዚህ ኮድ የሚጽፍ ሰው ረጋ ማለት አለበት ይላሉ።

ለየሁለት ልጅ ጫማ የምታክል አንዲት መኪና ተሰጠች። መሪ የላትም፤ ሹፌርም የላትም። ከሆዷ ሥር ግን ትንሽ ዓይን አለቻት። ነጩ ወለል ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። መኪናዋ በዚያች ዓይን ጥቁሩንና ነጩን እየለየች፣ መስመሩን ተከትላ መሄድ አለባት።

ካምፑ ውስጥ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበር። አንዱ ልጅ ይጽፋል፤ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ስህተት ይለቅማል። ደወል ሲደወል ይቀያየራሉ። ጓደኛው ሳይኖር ኮዱን የሚነካ ልጅ የለም።

«አንድ ሰው ብቻ ያየው ኮድ ገና አልተጻፈም» ትል ነበር አሰልጣኟ። ወጣት ናት፤ ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል።

ለቀልጣፊት የደረሳት ጓደኛ ማን መሰላችሁ? ቆይቆይ የሚሉት ልጅ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ምንም ሲጠየቅ «ቆይ፣ ቆይ» ስለሚል ግን ይህ ስም ወጣለት።

«ይህን ልጫነው?» ትለዋለች ቀልጣፊት።

«ቆይ፣ ቆይ።»

«እስከ መቼ? ጺም እስክታበቅል?»

«ካስፈለገ አዎ» ይላታል፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

ቆይቆይ ታናሽ እህት ነበረችው። ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። (እናንተም ደረጃ ላይ አትሩጡ፤ እባካችሁ።) እግሯ ወደ ላይ ስለተሰቀለ ከአልጋዋ መውረድ አትችልም። ጣሪያ ማየት ሰልችቷታል።

እንግዲህ ካምፑ ሲዘጋ በወላጆች ፊት ዝግጅት ይኖራል። ከመኪኖቹ አንዷ ትመረጥና ወደዚያው ሆስፒታል፣ ወደ ልጆች ክፍል ትሄዳለች። ከበር እስከ አልጋ መስመር ይለጠፍና ለታመሙት ልጆች ስጦታ ታመላልሳለች። ቆይቆይ ይህን ሲሰማ ለእህቱ ነገራት።

«መኪናችን ከበሩ ተነስታ አልጋሽ ድረስ ትመጣለች።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ማንም ሳይገፋት?»

«ማንም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ጣሪያውን ትታ በሩን ማየት ጀመረች።

ግን አንድ ችግር ነበር። የእነ ቀልጣፊት መኪና ጠዋት ጠዋት ደህና ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ግን መስኮቱ አጠገብ ስትደርስ መስመሩን ትታ ወንበር ሥር ትገባለች። ኮዱ ውስጥ ጥቁሩን ከነጩ የሚለየውን ቁጥር ቀየሩት። አሁንም ወንበር ሥር። ጎማዋን ጠረጉት። አሁንም ወንበር ሥር።

«ቆይ፣ ምክንያቱን እንፈልገው» አለ ቆይቆይ። ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ መኪናዋን ሲያይ ዋለ።

በማግስቱ ከሰዓት እህቱን ሊጠይቅ ሄደ። አሰልጣኟ ክፍሉ ጥግ ሌሎች ልጆችን ታግዛለች። ቀልጣፊት ብቻዋን ቀረች። በሚቀጥለው ጠረጴዛ አንድ ወሬኛ ልጅ ነበር።

«የእናንተ መኪና ወንበር ሥር ምን ጠፍቶባት ነው ሁልጊዜ የምትፈልገው?» አላት።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ቀልጣፊት ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላት። ጥሩ ሐሳብ አልነበረም። «መስመሩን ማየት ካቃታት ለምን ታያለች? መንገዱን እኔው ልንገራት!» አለች በልቧ። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ከቆይቆይ ጋር የጻፉትን ሁሉ አጠፋችው። በምትኩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ይህን ያህል ጊዜ ወደፊት ሂጂ። ወደ ግራ ዙሪ። እንደገና ወደፊት። አሁን ወደ ቀኝ።

ገባችሁ ልጆች? መኪናዋ መስመሩን አታይም። መንገዱን በቃሏ ሸምድዳለች። ትምህርቱ ሳይገባው መልሱን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ማለት ናት። ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ጉድ ይፈላል።

መኪናዋ ግን ስትሄድ እንዴት ታምር ነበር መሰላችሁ! አትንገዳገድ፣ አትጠራጠር። እንደ ሙሽራ መኪና ተንሸራትታ ዞራ መጣች። ወሬኛው ልጅ አፉን ከፈተ። አሰልጣኟ ከጥጉ ሆና አጨበጨበች።

«እሰይ! በዝግጅቱ ቀን የእናንተ የመጨረሻዋ ትሁን። ማሳረጊያ ትሆነናለች።»

ቆይቆይ ሲመለስ አላመነም።

«እንዴት አደረግሽው?»

«ቁጥሩን... ቁጥሩን አስተካከልኩት» አለች ቀልጣፊት።

«ብቻሽን?»

«ትንሽ ነገር ናት። ተወው አሁን።»

ሌላ ቀን ቢሆን «ቆይ፣ ልየው» ባለ ነበር። ደስታው ግን አስረሳው። ጓደኛውን አመነ። ወደ ሆስፒታል ተመልሶ ሮጠ፤ ሮጦ የማያውቅ ልጅ! «አልቋል! ትመጣለች!» አላት እህቱን።

ቀልጣፊት ይህን የሰማች ቀን ሳትሮጥ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ ራት ላይ እንጀራዋን ስትቆራርስ ብቻ አመሸች።

«ምነው ዛሬ ቤቱ ጸጥ አለ? ራዲዮናችን ተበላሸ እንዴ?» አለ አባቷ።

አልሳቀችም። በሰንበት ክፍልም አየኋት። ያን ቀን «አሜን» ያለችው ከልጆቹ ሁሉ በኋላ ነው። የታመመች መስሎኝ ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት አልነበራትም። ልጆቼ፣ ከሰው የደበቅነው ነገር በእግዚአብሔር ፊት ዓይናችንን ጨፍነን ስንቆም ነው የሚታየን።

የዝግጅቱ ቀን ደረሰ፤ የተጠራነው ከሰዓት በኋላ ነው። አባቷ አዲስ ቀሚስ ሰፍቶላታል። እኔንም «ጋሼ፣ ልጅዎትን ሊያዩ አይመጡም?» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ለእንግዶቹ ሲባል የካምፑ አዳራሽ ወለል ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። ፕላስተሩ ሁሉ ተነስቶ አዲስ ተለጥፏል። ወንበር ስለበዛ አሰልጣኟ መስመሩን በሌላ በኩል አዙራዋለች።

ቀልጣፊት መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። መኪናዋ የሸመደደችው መንገድ የለም!

የሆስፒታሉ የልጆች ክፍል ኃላፊ ነርስ ከፊት ተቀምጠዋል። መኪና የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ቆይቆይን ሲያዩ ተነስተው መጡ።

«አንተ! እህትህ ስለ መኪናህ ስታወራ ጆሯችንን አደከመችው እኮ።»

ቆይቆይ መሬት መሬቱን እያየ ሳቀ።

«ግን እንደው ልጠይቅህ» አሉ። «መስመሯን በደንብ ታያለች? እኛ ዘንድ በየአልጋው አጠገብ መድኃኒት የተንጠለጠለበት ብረት ቆሟል። አንዱን ብትገጨው ልጅ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«ታያለች፣ ሲስተር! አንድም ቀን አትስትም። ቃሌን እሰጥዎታለሁ።»

ቀልጣፊት ይህን ሰማች። «ባትሪዋ ደክሟል» ማለት ትችል ነበር። «ትናንት የነካው እሱ ነው» ማለትም ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል? ነገር ግን የሚወድቀው ብረት ታያት። ቃሉን የሰጠው ጓደኛዋም አጠገቧ ቆሟል። ቀና ብላ አባቷን አየች። አባቷ ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘላት። ይህ ደግሞ ባሰ።

«ሲስተር፣ አታይም» አለች።

ድምጿ በጣም ትንሽ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«አታይም! መንገዱን አሸምድጃት ነው። የድሮውን መንገድ። ቆይቆይ አያውቅም። እሱ ሳይኖር ኮዳችንን አጥፍቼ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዋሽቼዋለሁ።»

ከኋላ ወሬኛው ልጅ «ቀልጣፊት ጉዷ ወጣ!» ሲል ሰማሁ። እናቱ ጆሮውን ያዘችው። የቀልጣፊት አባት አንገቱን ደፋ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ባርኔጣዬን አሻሸሁ።

ቆይቆይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔን ብትዋሺኝ ምንም አይደል» አላት። «እህቴን እንድዋሻት አደረግሽኝ እኮ። በሩን እያየች ነው ያለችው።»

ቀልጣፊት አለቀሰች። ግን እያለቀሰች እግሬ አውጪኝ አላለችም። «አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ» አለችው። «ከፈለግህ እኔ ልውጣና አንተ ሥራው።»

አሰልጣኟ መጣች። ቆጣ ብላለች። «ደንቡን ጥሰሻል። ስለዚህ ዛሬ መኪናዋን የምታስነሺው አንቺ አይደለሽም» አለቻት። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌሎቹ መኪኖች እስኪጨርሱ ጊዜ አላችሁ። ግን ሁለታችሁም አንድ ላይ ካልሆናችሁ አልፈቅድም። ውሳኔው የእሱ ነው።»

ሁሉም ቆይቆይን አየ።

«ቆይ» አለ ቆይቆይ።

ልጆቼ፣ ያን ያህል የረዘመ «ቆይ» በሕይወቴ አልሰማሁም። በመጨረሻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እጽፋለሁ። አንቺ መሬት ተቀምጠሽ የምታየውን ቁጥር ንገሪኝ።»

የጠፋውን ኮድ ከራሱ አወጣው። አልሸመደደውም ነበር፤ ገብቶት ነበርና። ጥቁር ካየሽ ወደ ቀኝ፣ ነጭ ካየሽ ወደ ግራ። ቀልጣፊት በአዲሱ ቀሚሷ ተንበርክካ መኪናዋን ከነጩ ወደ ጥቁሩ፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ ታንቀሳቅሳለች። የመኪናዋ ዓይን ያየችው ቁጥር ጀርባዋ ላይ ይወጣል። ነጩ ላይ ትልቅ፣ ጥቁሩ ላይ ትንሽ። በሩ አጠገብ ልክ ነው። መስኮቱ አጠገብ ግን ፀሐዩ ወለሉ ላይ ያንጸባርቃል። ጥቁሩም እንደ ነጭ ትልቅ ቁጥር ሰጠ።

«ይኸውልሽ! ከሰዓት ከሰዓት የምትስተው ለዚህ ነበር» አለ ቆይቆይ። «ፀሐይ ዓይኗን እያታለላት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል? ፀሐይ አይጠፋ!»

«ቆይ። አትቸኩዪ። እንደገና ለኪው።»

እንደገና ለካችው። እንደገና። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሦስተኛው በተነሳች ነበር። አሁን ግን ታግሳ አጎንብሳ ሳለ ቁጥሩ በድንገት ልክ ሆነ። ቀና ስትል ተበላሸ። ስታጎነብስ ልክ ሆነ።

«ጥላዬ!» ብላ ጮኸች። «ጥላዬ ሲያርፍባት ነው ልክ የምታየው!»

ሁለቱም ተያዩ። «ታዲያ አንቺ ላይዋ ላይ እንዳጎነበስሽ አብረሽ ትሄጃለሽ?» አላት ቆይቆይ። ከዚያ ጉድ በኋላ የመጀመሪያው ሳቃቸው ይህ ነበር።

ግን የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኗን አትርሱ። «ቀሚስ እናልብሳት! ዙሪያዋን መሬት የሚነካ ጥቁር ቀሚስ። ፀሐይ ከሥር አይገባባትም» አለች።

«ጥቁር ጨርቅ ከየት ይመጣል?»

ቀልጣፊት ወደ አባቷ ሄደች። ልታየው እንኳ አፍራለች።

«አባዬ፣ አሳፈርኩህ አይደል?»

«አዎ፣ አሳፍረሽኛል» አለ አባቷ። እሱም አይዋሽም። «በራስሽ አፍ በመናገርሽ ግን ቀና ማለት ችያለሁ። አሁን ምን ልሁን?»

«ጥቁር ጨርቅ እፈልጋለሁ።»

አባቷ ወዲያ ወዲህ አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና የውስጡን ጥቁር ገበር ጠርር አድርጎ ተረተረው! ከደረት ኪሱ መርፌና ክር አወጣ፤ ልብስ ሰፊ መርፌ ሳይዝ አይወጣም። ሰፍቶ ሊሰጣት ሲል «እኔ ልስፋው አባዬ» አለችው። ቆይቆይ ጨርቁን ያዘላት። ስትሰፋ ስትፈጥን «ቆይ፣ ቆይ» ይላታል። እሷም ትቆያለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

የእነርሱ ተራ ደረሰ። ቆይቆይ ቀሚስ የለበሰችውን መኪና መስመሩ ላይ ሲያስቀምጣት አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«ለሰርግ ነው የምትሄደው?» አለ አንድ አባት።

ቆይቆይ አስነሳት። ልጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አታምርም ነበር። ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ እያለች እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ግን መስመሩን አትለቅም። ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ቦግ ብሏል። መኪናዋ ፀሐዩ መሃል ገባች። ተንገዳገደች። አለፈች!

ጭብጨባው ሊጀመር ሲል ነርሷ እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ። እኔ ገና አላመንኩም።» ብድግ ብለው ፕላስተሩን ከመጨረሻው ላቀቁትና እንደ እባብ አጠማዘው እስከ ራሳቸው ጫማ ድረስ አዲስ ለጠፉት። «አሁንስ?»

መኪናዋ ያንን መንገድ በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ወደ ቀኝ ሄደች። ወደ ግራ ሄደች። ጠመዝማዛው ላይ ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ቀሚሷን እየጎተተች መጥታ በነርሷ ጫማ ፊት ቆመች።

አዳራሹ ተነሳ! እኔም ተነሳሁ፤ ጉልበቴን ረስቼ። አባቷ ገበር የሌለውን ኮቱን በራሱ ላይ ያሽከረክራል። ወሬኛው ልጅ ከሁሉ በላይ ይጮሃል። አሰልጣኟ ቀልጣፊትንና ቆይቆይን አንድ ላይ አቀፈቻቸው።

«ይህችን ነው የምወስደው» አሉ ነርሷ። «መስመሩን የምታየውን መኪናም፣ አታይም ብላ እውነቱን የተናገረችውን ልጅም።»

በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ። እኔ አልነበርኩም፤ አባቷ ነው የነገረኝ። መስመሩን ከበሩ እስከ አልጋው ለጠፉ። ቆይቆይ መኪናዋን ከማስነሳቱ በፊት ቀልጣፊት ወደ ታናሺቱ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማንም ሳያዝዛት። ልጅቷ ጥቂት አሰበች።

«አሁን ግን ታያለች?» አለች።

«አሁን ታያለች።»

«እንግዲያው ትምጣ!»

መኪናዋ ብርቱካን ጭና ከበሩ ተነሳች። ብረቶቹን አንድ በአንድ አለፈች፤ አንዱንም አልነካች። የታመሙት ልጆች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አልጋው ሥር ደርሳ ቀጥ አለች። ታናሺቱ እግሯ ተሰቅሎ ሳለ በሁለት እጇ አጨበጨበች።

«ማንም አልገፋትም!» እያለች ጮኸች። «አይታችኋል? ማንም አልገፋትም!»

ስለ እነርሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት የቀልጣፊት አባት ሊሰናበተኝ በመጣ ቀን ነው። ሱቁን ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውር ነበር። ቀልጣፊትና ቆይቆይ በዚያ ዓመት ካምፑ ውስጥ ትንንሾቹን ያግዙ እንደነበር አጫወተኝ። ታናሺቱም ድና በሁለት እግሯ ደረጃውን ወጥታ ካምፑ ገብታለች። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችው «መኪና ደረጃ እንድትወጣ እንዴት ነው የሚታዘዘው?» ብላ ነው አሉ። መልስ ያገኘች እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ልጆቼ፣ የሐሰት ሥራ ለጊዜው ቢያምርም ወዳጅን ይጎዳል፤ ጥፋቱን በራሱ አፍ ተናግሮ ታግሶ የሚያስተካክለውን ልጅ ግን እግዚአብሔር ቀና አድርጎ ያቆመዋል።